ይድረስ ከማን? የ19ኛው ክፍለ ዘመን የአማርኛ ደብዳቤ አነባበብ

ዛሬ «ጦማር» የምንለው ኢንተርኔት ላይ የሚለጠፈውን ጽሑፍ ነው። በግእዙ ግን ጦማር ማለት ደብዳቤ ነው፤ ተጽፎ፣ ማኅተም ተደርጎበት፣ ተጣጥፎ በሰው እጅ የሚላክ። ይህኛው ጦማር ስለዚያኛው ጦማር ነው። በዐፄ ቴዎድሮስ፣ በዐፄ ዮሐንስ ወይም በዐፄ ምኒልክ ዘመን የተጻፈ የአማርኛ ደብዳቤ ከቤተ መዛግብት ሣጥን ወጥቶ ፊታችን ሲቀመጥ ከየት ተጀምሮ ይነበባል?

አብዛኛው ሰው የሚጀምረው ከትርጉሙ ነው። ስሕተቱም ከዚያው ይጀምራል።

ነገሩ ደብዳቤዎቹ ከተረፉበት መንገድ ጋር የተያያዘ ነው። በአገር ውስጥ ሰው ለሰው የተጻጻፋቸው አብዛኞቹ ጠፍተዋል። ቤተ መንግሥቱ ግማሽ ዕድሜውን ድንኳን ውስጥ ያሳለፈ፣ ከከተማ ከተማ የሚዘዋወር ነበርና ወረቀት የሚያስቀምጥ መዝገብ ቤት አልነበረውም። መቅደላም እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 17 ቀን 1868 በእንግሊዝ ጦር ተቃጥላለች። ደብዳቤ የተረፈው ተቀባዩ ሁሉን ወረቀት ፋይል የሚያደርግ መንግሥት ሲሆን፣ ወይም ምንም ወረቀት የማይጥል ግለሰብ ሲሆን ነው። ስለዚህ ለንደን ኪው ባለው የእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ውስጥ «ኤፍ ኦ 1» የሚባለው የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተከታታይ መዝገብ ሙሉውን ስለ አገራችን ነው። በሮም የኢጣሊያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መዛግብት አሉ። ምኒልክን ያገለገለው ስዊዛዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ያስቀመጣቸው የአማርኛ ወረቀቶችም አሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ1884 እስከ 1900 ካሉት የተመረጡት ታትመው ወጥተዋል።

በእነዚህ ፋይሎች ውስጥ አማርኛው ብዙ ጊዜ ብቻውን አይገኝም። በላዩ ወይም በስተኋላው በሚያምር የአውሮፓ እጅ ጽሕፈት የተገለበጠ ትርጉም አለ። አንባቢው ትርጉሙን ያነባል፣ አማርኛውን እንደ ጌጥ አይቶ ገጹን ይገልጣል። ትርጉሙን የሠራው ግን ሚሲዮናዊ ወይም የቆንስላ አስተርጓሚ ነው፤ አንዳንዴም መጀመሪያ ወደ ዐረብኛ፣ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ የዞረ ነው። ሰላምታው ተቆርጧል፤ አንተና እርስዎ አንድ ሆነዋል፤ ስሞች ተጣመዋል። የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው «ይቻላቸዋል» የሚለውን ይዞ በኢጣሊያንኛው ግዴታ ሆኖ መገኘቱ ሁሉም የሚያውቀው ምሳሌ ነው። ያ ትልቅ ውል ስለሆነ ጠብ አስነሣና ታወቀ። ትንንሾቹ ደብዳቤዎች ላይ ያለው ተመሳሳይ ጣጣ ማንም ሳይነካው ተቀምጧል።

እንግዲህ ትርጉሙን ገልብጡትና ወረቀቱን ራሱን ያዙ። ጓንት አያስፈልግም። ለወረቀት ታጥቦ በደንብ የደረቀ እጅ ይሻላል፤ የጨርቅ ጓንት የጣትን ስሜት አፍዝዞ ጠርዝ ያስቀድዳል። እስክሪብቶ ቤት ይቅር፣ እርሳስ ብቻ።

መጀመሪያ ጀርባውን ተመልከቱ። የእንግሊዝ ውጭ ጉዳይ ጸሐፊዎች የገባ ወረቀት ሁሉ ጀርባ ላይ የላኪውን ስም፣ የተጻፈበትንና የደረሰበትን ቀን የመጻፍ ልማድ ነበራቸው። ይህች ሦስት መስመር አንዳንዴ ከደብዳቤው ሆድ ትበልጣለች። ዐፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ ያስጻፉት ደብዳቤ በእንግሊዙ ቆንስል ካሜሮን በኩል ተልኮ ለንደን የገባው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1863 ነው። መልስ ሳይጻፍለት ቆንስሉ በጃንዋሪ 1864 ታሰረ። የዚህ ታሪክ አከርካሪ በደብዳቤው ቃል ውስጥ ሳይሆን በሁለት ቀኖች መካከል ባለው ዝምታ ውስጥ ነው፤ ዝምታውን የሚለካው ደግሞ የገቢ ማስታወሻው ነው።

ከጀርባው ጋር እጥፋቱን ቁጠሩ። ወረቀት ከባሕር ማዶ የሚመጣ ውድ ነገር ስለነበር ብዙው ደብዳቤ በመዳፍ ልክ በተቆረጠ ቁራጭ ላይ ነው። መልክተኛው አጣጥፎ ጫፉ በተሰነጠቀ ዘንግ ላይ ሰክቶት ይሄዳል። ስለዚህ እጥፋቱ ጠባብና ብዙ ከሆነ፣ ውጭ የቀረው ገጽም ከቀረው ይልቅ ከጠቆረ፣ ወረቀቱ በእርግጥ መንገድ ሄዷል። እጥፋት የሌለው ንጹሕ ወረቀት ከሆነ ግን ቅጂ ይሆናል፣ ወይም ያልተላከ ረቂቅ።

ማኅተሙ ከላይ ነው። በአውሮፓ ልማድ ከታች ፊርማ የምንፈልግ ሰዎች እዚህ ላይ እንደናገራለን፤ የዘመኑ መኳንንትና ነገሥታት አይፈርሙም፣ ያትማሉ፤ የሚያትሙትም በሰም ሳይሆን በቀለም ነው። የቴዎድሮስ ማኅተም መሐል ላይ አንበሳ አለው፣ ዙሪያውን ስማቸውና ማዕረጋቸው በፊደልና በዐረብኛ ተጽፏል። ማኅተም ደብዝዞ አልነበብ ሲል መብራቱን ከላይ አታብሩ፤ ከጎን፣ ከወረቀቱ ጋር ሊተኛ ትንሽ እስኪቀረው ዝቅ አድርጉት። የማኅተሙ ጠርዝ ወረቀቱን የጫነበት ስርጉድ በጥላ ይወጣል። አንዳንድ ወረቀት ላይ ደግሞ ማኅተሙ ትይዩ ባለው እጥፋት ላይ ተገልብጦ ታትሞ ይገኛል። ይህ ሁለተኛ ማኅተም አይደለም፤ ቀለሙ ሳይደርቅ ወረቀቱ ታጥፏል ማለት ነው፤ ጸሐፊው ቸኩሎ ነበር። ማኅተሙ በብርዕ የተሳለ ክብ ከሆነ፣ ውስጡም ቃላት ብቻ ከተጻፉበት፣ የያዛችሁት ቅጂ ነው። ቅጂ መሆኑ ዋጋ አያሳጣውም፤ ግን ስለ ጸሐፊው እጅ ከቅጂ ተነሥታችሁ ምንም አትበሉ።

ቀጥሎ አርእስቱ። የቆየው ግእዝኛ አከፋፈት «መልእክት ዘተፈነወት እምኀበ» ብሎ ላኪውን ይጠራል፣ «ትብጻሕ ኀበ» ብሎ ተቀባዩን። አማርኛው ሲገባ ይህ ወደ «ይድረስ» ዞረ። ወጥመዱም እዚህ ላይ ነው። ዛሬ «ይድረስ ለእገሌ» እንላለን፤ በምኒልክ ዘመን የተለመደው ግን «ይድረስ ከራስ እገሌ» ነው። ይህ «ከ» መነሻ አይደለም፣ መድረሻ ነው፤ «ከእርሳቸው ዘንድ ይድረስ» ማለት ነው። ለዛሬ ጆሮ ግን ደብዳቤው ከራሱ የመጣ ይመስለዋል። እንዲህ ተነብበው ላኪና ተቀባይ የሚገለባበጡባቸው ካርዶች ካታሎግ ውስጥ ቢገኙ አይግረማችሁ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ማኅተሙ የማን ነው? ማኅተሙ የላኪው ነው፤ ከ«ይድረስ ከ» ቀጥሎ የተጠራው ሰው ማኅተሙ ላይ ከሌለ ተቀባይ ነው።

ማዕረጉን ሳታዩ አትለፉ። ምኒልክ በ1870 ዓ.ም. ለዐፄ ዮሐንስ ከገበሩ እስከ 1881 ዓ.ም. ድረስ የሸዋ ንጉሥ ናቸው፤ ከዚያ በፊት ራሳቸውን ንጉሠ ነገሥት ይሉ ነበር፤ «ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» የሚለውን ዳግመኛ የያዙት ዐፄ ዮሐንስ በመተማ ከወደቁ በኋላ ነው። የተጻፈበት ቦታም እንዲሁ ይመሰክራል፦ አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. ስለሆነ በ1875 «አዲስ አበባ ተጻፈ» የሚል ወረቀት ቢመጣባችሁ ወይ ዓመቱን አላነበባችሁትም፣ ወይ ወረቀቱ ሌላ ጉድ አለው።

ስም ብቻውን ግን አይታመንም። ለዚህ «ካሳ»ን የሚያህል ማስረጃ የለም። ቴዎድሮስ ከመንገሣቸው በፊት፣ እስከ የካቲት 1847 ዓ.ም.፣ ደጃዝማች ካሳ ናቸው። ዮሐንስም ጥር 1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ እስኪነግሡ ድረስ ደጃዝማች ካሳ ናቸው። የመቅደላ ዘመቻ ፋይል ውስጥ ሁለቱም አሉ፤ የትግራዩ ካሳ ምርጫ በየካቲት 1860 ከእንግሊዝ ጦር አዛዥ ከጄኔራል ናፒየር ጋር ተገናኝተው መንገድና ስንቅ ይስማማሉ፤ ሁለት ወር ሳይሞላ ደግሞ ሌላ «ካሳ» ለዚያው ናፒየር ይጽፋል። ይህ ሁለተኛው ቴዎድሮስ ናቸው። መቅደላ አጠገብ አሮጌ በተባለው ቦታ ከተደረገው ውጊያ ማግሥት፣ ሚያዝያ 4 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በቅዳሜ ሹር ያስጻፉት ደብዳቤ በሥላሴ ስም ከከፈተ በኋላ ንጉሠ ነገሥት ቴዎድሮስ አይልም፤ በክርስቶስ የሚታመን ካሳ ይላል። አሥራ ሦስት ዓመት የተሸከሙትን የንግሥና ስም አውልቀው አስቀምጠዋል። የደብዳቤውን ሆድ ለታሪክ የሚያነቡ ብዙ ናቸው፤ እኔ ግን ከዚያ ሁሉ ቃል ይልቅ ይህችን አንዲት ስም እመርጣለሁ። ከሁለት ቀን በኋላ ሞቱ።

ፍለጋው የሰዎችን ሌላ ሌላ ስም ማወቅ ይጠይቃል። ቴዎድሮስ የሚወዱት እንግሊዛዊ ጆን ቤል በአማርኛው ሊቀ መኳስ ዮሐንስ ነው። ካፒቴን ስፒዲ ባሻ ፈለቀ ነው። ነገሥታቱም በፈረስ ስማቸው ይጠራሉ፦ አባ ታጠቅ፣ አባ በዝብዝ፣ አባ ዳኘው። ደጃዝማች ራሱ «ደጅ አዝማች»፣ «ደዣዝማች»፣ «ደጃች» ሆኖ ይመጣል። ካታሎግ ውስጥ በአንድ አጻጻፍ ብቻ ፈልጎ «የለም» ማለት የጀማሪ ሥራ ነው።

እጅ ጽሕፈቱ ላይ ብዙ መቆየት ያስፈልጋል። ጸሐፊዎቹ የቤተ ክህነት ልጆች ናቸው፤ ቁም ጽሕፈት የተማሩት ብራና ላይ፣ ግእዝ ሲገለብጡ ነው። ግእዝ ውስጥ የሌሉትን የአማርኛ ፊደላት፣ ሸን፣ ቸን፣ ኘን፣ ጀን፣ ሲጽፉ ከላይ የሚሰመረውን ሰረዝ አንዳንዴ ይዘሉታል ወይም ያሳንሱታል፤ «ሰ» የመሰለው «ሸ»፣ «ነ» የመሰለው «ኘ» ይሆናል። ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ እንደ እጁ ልማድ ይቀያየራሉ። «ሆኖ» የምንለው «ኾኖ» ወይም «ኹኖ» ነው። «ላክሁ» እንጂ «ላኩ» አትጠብቁ። ሁለት ነጥብ በቃላት መካከል ይገባል፤ መስመሩ መጨረሻ ላይ ሲደርስ ግን ይቀራል፤ ቃሉም ያለ ምንም ምልክት ተከፍሎ ግማሹ ወደሚቀጥለው መስመር ይወርዳል። ስለዚህ የመስመር መጨረሻ የቃል መጨረሻ ነው ብላችሁ ካነበባችሁ የሌለ ቃል ትፈጥራላችሁ። አራት ነጥብም የዛሬውን ሕግ አያውቅም፤ አንዳንዱ ጸሐፊ በየትንፋሹ ያስቀምጠዋል፣ አንዳንዱ እስከ መጨረሻው ይረሳዋል። ጥብቀትና ላልነት አይጻፍምና «አለ» (ተናገረ) እና «አለ» (ይገኛል) የሚለየው በዐውዱ ብቻ ነው።

ለእንደዚህ ያለ እጅ ጥሩው ዘዴ ጸሐፊው ሊጽፈው እንደሚችል እርግጠኛ የሆናችሁበትን ክፍል መጀመሪያ መቅዳት ነው። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» የሚለውን መክፈቻና «እንዴት ሰነበቱ፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ» የሚለውን ሰላምታ ሁሉም ያውቀዋል። ከእነዚህ መስመሮች የዚያን ጸሐፊ «ስ»፣ «ወ»፣ «እ»፣ «ኅ» ለይታችሁ ቁራጭ ወረቀት ላይ ሠንጠረዥ አድርጉ፤ ከዚያ ወደ ሆዱ ግቡ። ሰላምታውን «ምንም የለበትም» ብሎ የሚዘል ሰው ቁልፉን በር ላይ ጥሎ በመስኮት ለመግባት ይታገላል። ደግሞም ሰላምታው ባዶ አይደለም። ንጉሥ ለማን «አንተ» አለ፣ ለማን «አንቱ» ወይም «እርስዎ»? የቤተሰቡን ጤና ጠየቀ ወይስ በአንድ ቃል አልፎ ወደ ጉዳዩ ገባ? እንግሊዝኛው ትርጉም ላይ ይህ ሁሉ አንድ ተውላጠ ስም ሆኗል።

ደብዳቤው አጭር ሆኖ ምንም ፍሬ ነገር የሌለው ሲመስል ተስፋ አትቁረጡ። ቁም ነገሩ በመልክተኛው አፍ ነበር። ወረቀቱ ተሸካሚው የታመነ ሰው መሆኑን የሚያረጋግጥ ብቻ ነው፤ የቀረውን እሱ ይናገራል። እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ ውስጥ መፈለግ ያለበት የመልክተኛው ስም ነው። ስሙን ካገኛችሁ ተቀባዩ ጋ ምን እንደተናገረ የቆንስሉ ወይም የሚሲዮናዊው የራሱ ማስታወሻ ላይ ልታገኙት ትችላላችሁ።

አሁን ቀኑ። በዚህ ላይ የታተሙ መጻሕፍት ሳይቀሩ ይሳሳታሉ።

የዛሬው መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ነው፤ ጳጉሜን 6 ከሆነች 12። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን መስከረም 1 ሴፕቴምበር 10 ነበር፤ ጳጉሜን 6 ስትሆን 11። ፈረንጆቹ 1900 ላይ ፌብሩዋሪን 29 ሳያደርጉ ስለዘለሉ፣ የእኛ ዘመን አቆጣጠር ግን ስላልዘለለ፣ ከዚያ ወዲህ ልዩነቱ በአንድ ቀን ሰፍቷል። ስለዚህ የዛሬውን የግድግዳ ካላንደር ይዞ የምኒልክን ደብዳቤ የሚቀይር ሰው ሁልጊዜ አንድ ቀን ይቀድማል። ዓድዋን አስቡ፦ የካቲት 23 ዛሬ የሚከበረው ማርች 2 ላይ ነው፤ ውጊያው ግን እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 1896 ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው። የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመ ሲሆን ሜይ 2 ቀን 1889 ነው፤ በዛሬው ስሌት ብታሰሉት ሜይ 3 ይወጣላችኋል። ስልካችሁ ላይ ያለውን የቀን መቀየሪያም በዚሁ ፈትኑት፤ የካቲት 23 ቀን 1888 አስገቡና ማርች 2 ካላችሁ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ዓመቱ በግእዝ ቁጥር ሲጻፍ ፮ እና ፯ በችኮላ እጅ ይመሳሰላሉ። ፲፰፻፹፮ ነው ወይስ ፲፰፻፹፯? እዚህ ላይ ወንጌላውያኑ ይደርሱልናል። ዓመቱን ለአራት አካፍሉ፤ ቀሪው 1 ከሆነ ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ። 1886 ማርቆስ ነው፣ 1887 ሉቃስ። ደብዳቤው «ዘመነ ሉቃስ» ካለ ክርክሩ አለቀ።

ዕለት ከተጠቀሰም ባሕረ ሐሳብን ማስታወስ ነው። የዓድዋን ዓመት እንሥራ። 1888 ላይ 5500 ስንደምር ዓመተ ዓለም 7388 ይሆናል። ሩቡ 1847፤ ድምሩ 9235። ለ7 ሲካፈል 2 ይቀራል። ቀሪው 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ እያለ ይሄዳል፣ ምንም ካልቀረ ሰኞ ነው፤ ስለዚህ መስከረም 1 ቀን 1888 ረቡዕ ዋለ። ወር ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ በየወሩ ሁለት ዕለት ይገፋል፤ እስከ የካቲት አምስት ወር ነውና አሥር ዕለት፣ ሰባቱን ስንጥል ሦስት። የካቲት 1 ቅዳሜ ሆነ። ከ1 እስከ 23 ያለው 22 ቀን ነው፤ ሦስት ሳምንትና አንድ ዕለት። እሑድ። ዓድዋም እሑድ ነበር። ይህንን በእርሳስ ሁለት ደቂቃ ውስጥ መሥራት ይቻላል፤ «ሐሙስ ተጻፈ» የሚል ደብዳቤ ቀኑ ዓርብ ላይ ከወደቀ ቁጥሩን ዳግመኛ አንብቡት። አንድ ዕለት ብቻ ከሆነ ልዩነቱ ጸሐፊው ማታ ጀምሮ ነጋ ጨርሶት ሊሆንም ይችላል፤ ከሁለት በላይ ከሆነ ግን ንባቡ ነው የተሳሳተው።

ስትገለብጡ መስመር በመስመር ቅዱ፣ በየአምስት መስመሩ ቁጥር ስጡ። ፊደል አታርሙ። «ሐይል» ካለ «ሐይል» ይሁን። የጠፋውን ገምታችሁ ስትሞሉ በማዕዘን ቅንፍ፣ አጽሕሮተ ቃል ስትዘረጉ በክብ ቅንፍ፣ ያልተነበበውን በነጥብ፣ አንድ ነጥብ ለአንድ ፊደል። አስተካክላችሁ የጻፋችሁትን ዘመናዊ ንባብ በሌላ ዓምድ አስቀምጡ እንጂ ከዋናው ጋር አታዋህዱት። ጥቅስ ስትሰጡ የመዝገቡን ተከታታይ፣ የጥራዙንና በገጹ ቀኝ ራስ በእርሳስ የተጻፈውን የቅጠል ቁጥር ሦስቱንም ጻፉ፤ ቀን ብቻ ጽፎ መተው ቀጣዩን ፈላጊ ሳምንት ያስፈጀዋል። ፎቶ ስታነሡ ብልጭታ አጥፉ፣ ማስመሪያ ጎኑ አስቀምጡ፣ ጀርባውንም አንሡ፣ ባዶ ቢመስልም።

ስለ ቀለሙ ትንሽ። የአገር ቤቱ ጥቁር ቀለም ከጥቀርሻና ከሙጫ የሚሠራ ነው። ጥቀርሻ ካርቦን ስለሆነ አይደበዝዝም፣ ወረቀትም አይበላም፤ ጠላቱ ውሃና እርጥብ ጣት ነው፤ ሙጫው ሲርስ ቀለሙ ይነሣል። የአውሮፓው ቀለም በተቃራኒው ከብረት ጨውና ከዛፍ እባጭ የሚወጣ አሲድ ነው። ተጽፎ ሲደርቅ ጥቁር፣ ሲያረጅ ቡኒ ይሆናል፤ ዙሪያው እንደ ሻይ እድፍ ይሰፋል፣ በመጨረሻም ወረቀቱን በፊደሉ ቅርጽ ሰንጥቆ ያወጣዋል። ስለዚህ አንድ ፋይል ውስጥ አማርኛው ጥቁር ሆኖ የእንግሊዝኛው ማስታወሻ ቡኒ ከሆነ የሁለቱ ቀለም ምንጭ ይለያያል ማለት ነው፤ አማርኛውም ቡኒ ከሆነ ጸሐፊው የአውሮፓ ቀለም አግኝቷል፣ ምናልባትም ከቆንስሉ ወይም ከሚሲዮኑ ጠረጴዛ። የደበዘዘ የብረት ቀለም በአልትራቫዮሌት መብራት ጠቆር ብሎ ይነበባል። በኢንፍራሬድ ካሜራ ደግሞ የብረቱ ቀለም ሲጠፋ የጥቀርሻው ጥቁር እንደሆነ ይቀራል፤ ከተጻፈበት በላይ ሌላ ተጽፎበት ከሆነ ሁለቱን ለመለየት ከዚህ የተሻለ የለም።

ይህ ሁሉ ቤቱ ውስጥ የቅድመ አያቱን ደብዳቤ ለያዘ ሰውም ይሠራል። እንዲህ ያሉ ወረቀቶች ዛሬም በየቤቱ ሣጥን ውስጥ፣ በዳዊት ገጾች መሐል፣ በቤተ ክርስቲያን ወንጌል ውስጥ ታጥፈው አሉ። በጣም የሚጎዳቸው የባለቤቶቻቸው ፍቅር ነው፦ ፕላስተር መለጠፍ፣ ላሚኔት ማድረግ፣ በመስታወት ፍሬም አድርጎ ሳሎን መስቀል። የፕላስተሩ ሙጫ በጥቂት ዓመት ወረቀቱ ውስጥ ሰርጎ ቡኒ ዘይት ይሆናል፤ ላሚኔት የተደረገ ወረቀት ደግሞ ከእንግዲህ ወረቀት አይደለም። የተቀደደውን እንደተቀደደ አስቀምጡት። የተጨማደደውን በካውያ ለመተኮስ አትሞክሩ፤ ሙቀት ይሰባብረዋል፤ ውሃ መርጨትማ ሙጫውንም ብረቱንም ይቀሰቅሳል። ጥገና ያስፈለገው የብረት ቀለም ያለበት ወረቀት ከሆነ ባለሙያውም ቢሆን በብዙ ውሃ አይሠራውም፤ በጣም ቀጭን የጃፓን ወረቀት በትንሽ ጄላቲን ነው የሚለጥፍበት።

የሚቀመጥበት አሲድ የሌለው ፎልደርና ካርቶን ይሁን። ከተቻለ ከ20 ዲግሪ የማይበልጥ፣ የአየሩ እርጥበት ከ35 እስከ 60 በመቶ የሆነ ክፍል ጥሩ ነው፤ ከቁጥሩ በላይ ግን የሚጎዳው መለዋወጡ ነው፤ በጋ ደርቆ ክረምት መራስ። ስለዚህ ከውጭ ግድግዳ አርቁት፣ ከወለሉም ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ ይበል፤ ምስጥ የሚመጣው ከታች ነው። መርፌ ቁልፍና ስፒል ዝገት ስለሚያወርዱ አውጧቸው፤ ዝገው ከተጣበቁ ግን አትጎትቱ። ለሳሎኑ የሚሰቀለው ጥሩ የቀለም ፎቶ ኮፒው ይሁን።

ደብዳቤው ላይ ምንም አይጻፍበት። ፎልደሩ ላይ፣ ደብዳቤው ወደ ውስጡ ከመግባቱ በፊት፣ በለስላሳ እርሳስ ከማን እጅ እንደመጣ፣ መቼ እንደመጣ፣ ከምን መጽሐፍና ከየትኛው ገጽ መሐል እንደወጣ ይጻፍ። ዳዊቱ ውስጥ መዝሙር 50 ላይ ታጥፎ ከተገኘ «መዝሙር 50» ተብሎ ይጻፍ።